ማቶ ፓሃ፦ የላኮታዎች የጸሎት ተራራ በሕዝብ ፓርክ ውስጥ

በአሜሪካ ሳውዝ ዳኮታ ግዛት፣ ከስተርጂስ ከተማ አጠገብ፣ ከሰፊ ሜዳ መካከል ለብቻው ብድግ ያለ ተራራ አለ። “ሱ” (Sioux) ከሚባሉት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ወገን የሆኑት ላኮታዎች ማቶ ፓሃ ይሉታል፤ በይፋዊ ስሙ ግን ቤር ቢውት ነው፤ ፓርኩም ቤር ቢውት ስቴት ፓርክ ይባላል። ቅልጥ ዐለት ከምድር በላይ ሳይፈነዳ እዚያው ቀዝቅዞ ሲቀር፣ በላዩ የነበረው ድንጋይም በጊዜ ብዛት ሲሸረሸር የተገለጠ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 1,349 ሜትር ገደማ ይደርሳል።

ሻያን ለተባለው ሌላ ነባር ሕዝብ ደግሞ ስዊት ሜዲስን የተባለው ነቢያቸው አራቱን ቅዱሳን ቀስቶች የተቀበለበት ስፍራ ነው። ላኮታዎች የሚወጡት ለጾምና ለጸሎት ነው። ጿሚው አስቀድሞ በእንፋሎት ጎጆ ውስጥ ራሱን ያነጻል፤ ከዚያም ያለ እህልና ያለ ውሃ፣ አንዳንዴም እስከ አራት ቀን፣ ራእይ እየለመነ ለብቻው ይቆያል። በመንገዱ ዳር ባሉት ዛፎች ቅርንጫፎች ላይ ቀያይ፣ ቢጫ፣ ነጭና ጥቁር ጨርቆች፣ በትንንሹ የተቋጠረ ትምባሆም ታስሮ ይታያል። እያንዳንዱ ቋጠሮ የአንድ ሰው ጸሎት ስለሆነ ጎብኚው እንዳይነካው ይጠየቃል።

ተራራው የሚገኝበት የብላክ ሂልስ አካባቢ በ1868ቱ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የፎርት ላራሚ ውል “ሱ” ለተባሉት ሕዝቦች የተረጋገጠ ነበር። በ1874 በተላከው የጦር ዘመቻ የወርቅ ወሬ ተሰማ፤ በ1877 ኮንግረስ መሬቱን ወሰደ። በ1980 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ካሳ እንዲከፈል ቢወስንም ነገዶቹ ገንዘቡን አልተቀበሉም፤ የሚሹት መሬቱን ነው።

ግዛቱ ቤር ቢውትን ፓርክ ያደረገው በ1961 ነው። ፓርክ መሆኑ ተራራውን ከግል ይዞታ ቢያወጣውም፣ ጸሎተኛውንና ተዝናኚውን በአንድ መንገድ ላይ አገናኛቸው። አስተዳደሩ የመኪና መንገድ፣ ማቆሚያና መመልከቻ ሰገነት ሲሠራ፣ የላኮታው መንፈሳዊ መሪ ፍራንክ ፉልስ ክሮውና ሌሎች በ1982 ክስ መሠረቱ። ሥራው ጸሎታቸውን እንደሚያውክ ቢያስረዱም፣ ፍርድ ቤቱ መንግሥት በራሱ መሬት ላይ እንዲህ ያለውን ግንባታ ማካሄድ ይችላል ሲል ፈረደባቸው፤ ይግባኙም በ1983 ውድቅ ሆነ። እኔ ይህን ፍርድ ከባድ በደል ነው እላለሁ፤ ጸጥታ የሥርዓቱ አካል በሆነበት ቦታ መመልከቻ ሰገነት መትከል በቅዳሴ መካከል ገበያ እንደመክፈት ነው።

ዛሬ ለሥርዓቱ የተለየ ስፍራ አለ፤ ጸሎተኞችን ፎቶ ማንሳትም ክልክል ነው። ፈተናው ከፓርኩ ወሰን ውጭ ነው። በየዓመቱ ነሐሴ ላይ በመቶ ሺሕ የሚቆጠሩ ሞተረኞች ስተርጂስ ላይ ይሰበሰባሉ፤ መጠጥ ቤቶችና የኮንሰርት ሜዳዎችም ወደ ተራራው እየተጠጉ መጥተዋል። ነገዶቹም ይህን ለመግታት በተራራው ዙሪያ ያለውን መሬት በራሳቸው ገንዘብ መግዛት ይዘዋል።