ዲ-2 ብረት ክሮሚየም እያለው ለምን ይዝጋል?

ሰንጢ ስትገዙ ስለቱ ላይ "ዲ-2" (D2) የሚል ካያችሁ፣ አይዝጌ ብረት እንዳይመስላችሁ። ግራ የሚያጋባው ቁጥሩ ነው። አንድ ብረት አይዝጌ ለመባል ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም ያስፈልገዋል። ዲ-2 ደግሞ ከ11 እስከ 13 በመቶ አለው። ታዲያ ምን ነካው?

ጉዱ ያለው ካርቦኑ ላይ ነው። 1.5 በመቶ ገደማ የሆነው ካርቦን ብዙውን ክሮሚየም ይዞ ካርባይድ የሚባል ጠንካራ የካርቦንና የክሮሚየም ውህድ ይሆናል። ስለቱ ቶሎ የማይዶለዱመው በዚሁ ነው። ዝገት የሚከላከለውን ስስ ሽፋን የሚሠራው ግን በካርባይድ ያልታሰረው ክሮሚየም ነው፤ እሱ ደግሞ ያንሳል።

ስለዚህ ሎሚ ቆርጣችሁ ሳትጠርጉ ብታጥፉት ነጠብጣብ ሊያወጣ ይችላል። በተለይ ማጠፊያውን እዩት፣ እርጥበት የሚደበቀው እዚያ ነው። አጥቦ ማድረቅና ትንሽ ዘይት መቀባት ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ባሕር ላይ ለሚውል ሰው ግን እኔ አልመርጥለትም።