በ1935 የእንግሊዝ ምርጫ ሌበር ቢያሸንፍ ኢትዮጵያ ትድን ነበር?

ስለ ጣሊያን ወረራ ጨዋታ ሲነሳ፣ አንዱ «እንግሊዞች ያኔ ሌላ መንግሥት ቢመርጡ ኖሮ...» ማለቱ አይቀርም። ምርጫው ኖቬምበር 14 ቀን 1935 የተደረገው ነው (የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። የወግ አጥባቂው ፓርቲ መሪና ጠቅላይ ሚኒስትሩ ስታንሊ ቦልድዊን አሸነፈ፣ ተቃዋሚው የሠራተኞች ፓርቲ ሌበር ተሸነፈ። «ቢሆን ኖሮ» ማለት ክፋት የለውም፤ መነሻው ግን ልክ ይሁን።

«ሌበር ቢያሸንፍ ሙሶሎኒ አይወረንም ነበር»

ቀኑን እንይ። የጣሊያን ጦር መረብን የተሻገረው ኦክቶበር 3 ነው። እንግሊዞች ድምፅ ሲሰጡ አድዋም መቀሌም ተይዘው ነበር።

«ሌበር ጦርነት ጠል ስለነበር ይባስ ይለሳለስ ነበር»

ግማሹ እውነት ነው። መሪው ጆርጅ ላንስበሪ በክርስትና እምነቱ ጦርነትን የሚቃወም ሰው ነበር። ግን ወረራው በጀመረበት ሰሞን ብራይተን ላይ በተደረገው የፓርቲው ጉባኤ፣ የሠራተኛ ማኅበሩ መሪ ኧርነስት ቤቪን ልክ ልኩን ነገረው። ጉባኤው በሰፊ ድምፅ ማዕቀብን ደገፈ፤ ላንስበሪም ለቀቀና ክሌመንት አትሊ ተተካ። ጉዱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ሌበር ማዕቀቡን እየደገፈ የጦር በጀቱን ይቃወም ነበር። ዱላ ሳይይዙ ጅብ ማባረር በሉት።

«ቸርችል ቢኖር...» ነበር እኮ! ፓርላማ ተመርጦ ገባ፤ ቦልድዊን ግን ሚኒስትር አላደረገውም። እንለፈው።

«የእንግሊዝ ሕዝብ ኢትዮጵያን ለመሸጥ ነው የመረጠው»

ይሄኛው ያናድደኛል። በዚያው ዓመት ውጤቱ በታወቀው «የሰላም ድምፅ» (መንግሥት ያላካሄደው የሕዝብ አስተያየት መጠይቅ) ወደ 11 ሚሊዮን ተኩል ሰው ተሳትፎ፣ ከ10 ሚሊዮን በላይ የሚሆነው በወራሪ ላይ የኢኮኖሚ ማዕቀብ ይጣል ብሏል። ቦልድዊንም ድምፅ የለመነው የመንግሥታቱን ማኅበር እደግፋለሁ ብሎ ነው። ከተመረጠ ወር ሳይሞላው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሳሙኤል ሆር ፓሪስ ላይ ከፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ከፒየር ላቫል ጋር ተቀምጦ አገራችንን ሸነሸነ። በለውጡ ወደ ባሕር የሚያደርስ ቀጭን መሬት ሊሰጡን! የለንደኑ ታይምስ «የግመል መተላለፊያ» ብሎ ተሳለቀበት። ወሬው በፓሪስ ጋዜጦች ሲፈነዳ የእንግሊዝ ሕዝብ ተቆጣ፤ ሆር ዲሴምበር 18 ለቀቀ። ቦልድዊን ግን ወንበሩ ላይ ቀረ።

እኔን የሚያጓጓኝ «ቢሆን ኖሮ» እዚህ ጋ ነው። ሌበር ያገኘው 154 ወንበር ነው፤ የመንግሥት ወገን 430 ገደማ ነበረው። ስለዚህ የሌበር ድል ተአምር ይፈልግ ነበር። ግን የቦልድዊን ብልጫ ሃያ ወይ ሠላሳ ወንበር ብቻ ቢሆንስ? በዚያ የቅሌት ሳምንት የገዛ ፓርቲው ሰዎችም አጉረምርመዋል። በጠባብ ብልጫ፣ ሆርን ብቻ ጭዳ አድርጎ የሚያመልጥ አይመስለኝም።

«መንግሥቱ ቢወድቅ ስዊዝን መዝጋት ብቻ ነበር የሚቀረው»

የጣሊያን ጦር የሚያልፈው በስዊዝ ቦይ ነበር። የ1888ቱ የቁስጥንጥንያ ስምምነት ግን ቦዩ በጦርነት ጊዜም ለሁሉም ክፍት ይሁን ይላል። ጣሊያንም ፈርማበታለች። መዝጋት ማለት ለጦርነት መዘጋጀት ነው። ነዳጅ መከልከል ይሻል ነበር፤ ኖቬምበር 18 የጀመረው ማዕቀብ ነዳጅን አልነካም። ግን ነዳጅ አምራቿ አሜሪካ የማኅበሩ አባል አልነበረችም። አትሊ ዳውኒንግ ስትሪት (የጠቅላይ ሚኒስትሩ ቤት) ቢገባም፣ ፓሪስ ላይ የሚጠብቀው ያው ላቫል ነው። ጊዜውም ቢሆን አጭር ነው፤ ከዚያ ምርጫ እስከ ማይጨው አራት ወር ተኩል ብቻ ነበር።