ዋት-ቀን ምንድን ነው? የሪምወርልድ ባትሪ ለምን ሳይነጋ ያልቃል

ሪምወርልድ የተባለውን፣ ሰፈር እየገነቡ ሰፋሪዎችን የሚያኖሩበትን የኮምፒውተር ጌም የሚጀምር ሰው ይዋል ይደር እንጂ አንድ ክፉ ሌሊት ይገጥመዋል። ቀን ላይ ሶላሩ ከሚያስፈልገው በላይ ሲያመነጭ ነበር፤ ባትሪ ተተክሏል፤ ሰፋሪዎቹም ተኝተዋል። እኩለ ሌሊት ሳይደርስ ማቀዝቀዣው ይቆማል፣ መብራቱ ይጠፋል፣ ሲነጋም ለክረምት የተከማቸው ሥጋ መበላሸት ጀምሯል። እኔ በመጀመሪያው ሰፈሬ ይህ ሦስት ሌሊት ተከታትሎ ሲደርስብኝ፣ መፍትሔው ባትሪ መጨመር ነው ብዬ በአንዱ ላይ አራት ጨመርኩበት። አራተኛውም ሌሊት መብራት ጠፋ። ጥፋቱ የባትሪ ቁጥር ማነስ አልነበረም። ባትሪውን ስመርጠው የሚታየው «ዋት-ቀን» የሚለው መለኪያ ምን እንደሚለካ ስላልገባኝ ነበር።

ዋት የአሁኗን ቅጽበት ይናገራል፤ አንድ ዕቃ በዚህች ሰዓት ምን ያህል ኤሌክትሪክ እያመነጨ ወይም እየወሰደ እንደሆነ። ዋት-ቀን ግን የተጠራቀመ መጠን ነው፤ 1 ዋት የሚወስድ ዕቃ ቀንና ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ የሚጨርሰው ማለት ነው። ከቧንቧ የሚወርደውን ውሃና በርሜል ውስጥ የተጠራቀመውን ውሃ አስቡ። የመጀመሪያው በየደቂቃው ስንት ሊትር እንደሚመጣ ይለካል፣ ሁለተኛው ስንት ሊትር እንዳለ። በአማርኛ ሁለቱንም «ኃይል» ስለምንላቸው ልዩነቱ በቀላሉ ከዓይን ይሰወራል።

የጌሙ አንድ ባትሪ 600 ዋት-ቀን ይይዛል። 1 ዋት-ቀን 24 ዋት-ሰዓት ስለሆነ፣ ይህ የቤት ቆጣሪ በሚቆጥርበት መለኪያ 14.4 ኪሎዋት-ሰዓት ነው። ጌሙ ሰዓትን ትቶ ቀንን መምረጡ ደስ የሚለኝ ነገር ነው፤ ምግቡም፣ እንጨቱም፣ ሰብሉም የሚታሰበው በቀን ነውና ሒሳቡ ያለ ወረቀት ይሠራል። ሙሉ የሆነ ባትሪ 600 ዋት የሚወስድ ሰፈርን አንድ ቀን ያቆያል፤ 300 ዋት የሚወስደውን ሁለት ቀን፤ 1,200 ዋት የሚወስደውን ደግሞ ግማሽ ቀን ብቻ።

አሁን ወደዚያ ክፉ ሌሊት እንመለስ። ለምግብ መጋዘኑ ሁለት ማቀዝቀዣ፣ እያንዳንዱ 200 ዋት። ሁለት ማሞቂያ፣ እያንዳንዱ 175 ዋት። ስድስት መብራት በ30 ዋት። ድምሩ 930 ዋት ነው። ማቀዝቀዣና ማሞቂያ የተፈለገው ሙቀት ላይ ሲደርሱ ፍጆታቸው ወደ አሥረኛ እጅ ይወርዳል፤ ነገር ግን ኤሌክትሪክ በጣም የሚያስፈልገው ሁሉም በሙሉ ጉልበት በሚሠሩበት ቀን ስለሆነ ሒሳቡን በትልቁ ቁጥር መያዝ ይሻላል። የነበረኝ አንድ ሶላር ነው፤ ፀሐይ በደንብ ስትወጣ 1,700 ዋት ያመነጫል። 1,700 ከ930 ይበልጣል፣ ስለዚህ ይተርፋል ብዬ ነበር።

ፀሐይ ግን የምትወጣው ለግማሽ ቀን ነው። ያንን ግማሽ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ በሙሉ አቅሙ ቢሠራ እንኳ ሶላሩ የሚሰጠው 850 ዋት-ቀን ነው። ሰፈሩ በዚያው ጊዜ 465 ይበላል። የሚተርፈው 385 ነው። እዚህ ላይ ብዙ ተጫዋች የማያየው ነገር አለ፤ የሪምወርልድ ባትሪ ከሚገባለት ውስጥ የሚያስቀምጠው ግማሹን ብቻ ነው። 385 ገብቶ 192 ገደማ ይቀመጣል። ሌሊቱ የሚፈልገው ደግሞ 465 ነው። 192ን ለ930 ስናካፍለው የቀን አንድ አምስተኛ ይሆናል፤ ፀሐይ ከጠለቀች ከአምስት ሰዓት በኋላ ጨለማ። አራቱ ተጨማሪ ባትሪዎች በዚህ ላይ አንዲት ጠብታ አልጨመሩም። ይልቁንም እያንዳንዱ ባትሪ ሁልጊዜ 5 ዋት ስለሚያባክን፣ አምስቱ በአንድ ላይ በየቀኑ 25 ዋት-ቀን ይወስዱብኝ ነበር። የሚቀዳ ውሃ ሳይኖር በርሜል መደርደር ማለት ነው።

ለዚያ ሰፈር የሚያስፈልገውን ስንቆጥር፣ ለቀኑ 465፣ ሌሊቱን ለማሳለፍ ደግሞ የ465 እጥፍ፣ ማለትም 930፤ በጠቅላላው 1,395 ዋት-ቀን ነው። ሁለት ሶላር በወረቀት ላይ 1,700 ይሰጣሉ። ነገር ግን ጠዋት ጎህ ሲቀድና አመሻሽ ላይ ብርሃኑ ደካማ ስለሆነ ምርቱም ያንሳል፤ እኔ ሦስት እተክላለሁ። ባትሪ አንድ ይበቃል።

ከዚህ በኋላ ቆጣሪ ሳልይዝ የማደርገው አንድ ምርመራ አለ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ባትሪውን አየዋለሁ። ካልሞላ የጎደለው ማመንጫ ነው። ከቀትር በኋላ ሞልቶ ቆይቶ ሳይነጋ ካለቀ ግን በእርግጥም የጎደለው ባትሪ ነው።

በባትሪ ውስጥ ያለፈ ኤሌክትሪክ ዋጋው እጥፍ መሆኑ ሲገባን የሰፈሩ አሠራር ራሱ ይለወጣል። ለምሳሌ ቤት ውስጥ ሰብል የሚያበቅለው ትልቁ የፀሐይ መብራት 2,900 ዋት ይወስዳል፤ ብዙዎች ቁጥሩን አይተው ይሸሹታል። ነገር ግን እሱ ማታ ማታ ራሱ ይጠፋል። የሚሠራው ሶላር በሚሠራበት ጊዜ ስለሆነ አብዛኛው ኤሌክትሪክ ባትሪ ሳይነካ በቀጥታ ይደርሰዋል፣ አይባክንም። በተቃራኒው ሌሊት የሚሠራ ማሞቂያ ትንሽ ይመስላል እንጂ በሶላር ብቻ ሲያዝ ውድ ነው። ለሌሊቱ ሌሊትም የሚያመነጭ ነገር መፈለግ ይሻላል። በእንፋሎት ፍልቅ ላይ የሚሠራው ጂኦተርማል ቀን ከሌት 3,600 ዋት ይሰጣል፤ ከሁሉ የምወደው እሱን ነው፣ ምርምሩ ጊዜ ቢፈልግም። በእንጨት የሚሠራው ጄኔሬተር 1,000 ዋት ሰጥቶ በቀን 22 እንጨት ይበላል፤ ኤሌክትሪኩን የሚጠቀምበት ባይኖርም እንኳ ማቃጠሉን ስለማያቆም ቀን ቀን ማጥፋት ይገባል። የንፋስ ተርባይን እስከ 3,450 ዋት ይደርሳል፣ ነፋሱ ሲተኛ ግን ወደ ምንም ይወርዳል። ከፊትና ከኋላው ዛፍ መኖር የለበትም፤ ሶላር ግን ነፋስ ስለማይከልል ያንኑ ባዶ ቦታ ለሶላር ማዋል ይቻላል። እንዲህ ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል።

ብዙ ዋት-ቀን ማጠራቀም የራሱ አደጋም አለው። በጌሙ ውስጥ አልፎ አልፎ የኤሌክትሪክ ገመድ ሾርት ያደርጋል፤ ያን ጊዜ ከዚያ መስመር ጋር የተያያዙ ባትሪዎች ሁሉ በአንዴ ባዶ ይሆናሉ፣ ፍንዳታውም በተጠራቀመው መጠን ልክ ይከፋል። ስለዚህ መጠባበቂያ ባትሪዎችን በማብሪያ ማጥፊያ ለይቶ ከመስመሩ ማላቀቅ ጥሩ ልማድ ነው። ተላቀውም ቢሆን 5 ዋቱን ማባከናቸው አይቀርም፤ ሆኖም 600 ዋት-ቀን በዚያ ፍጥነት እስኪያልቅ 120 ቀን ይፈጃል፣ በጌሙ የ60 ቀን ዓመት ሁለት ዓመት ማለት ነው። ባትሪ ጣሪያ ሥር መሆን አለበት፤ ዝናብ ከነካው እሱም ሾርት ያደርጋል።

መጠባበቂያው የሚጠቅመው የፀሐይ ግርዶሽ ሲመጣ ነው። ግርዶሽ አንድ ቀን ገደማ ሊቆይ ስለሚችል 930 ዋት የሚወስደው ሰፈር በሶላር ብቻ ከኖረ 930 ዋት-ቀን፣ ማለትም ሁለት የሞሉ ባትሪዎች ያስፈልጉታል። ስሙ የሚመሳሰለው የፀሐይ ፍንዳታ ግን ፈጽሞ ሌላ ነው። እሱ ሲመጣ በካርታው ላይ ያለ ማንኛውም የኤሌክትሪክ ዕቃ ይቆማል፣ ባትሪው ሞልቶም ቢሆን። ለዚያ ቀን እንጨት አስቀምጣለሁ፤ ክፍሉ ከበረደ እሳት ለማንደድ፣ ከሞቀ ደግሞ ያለ ኤሌክትሪክ የሚሠራውን ማቀዝቀዣ በ50 እንጨት ለመሥራት።