ከሐረር ይዘናቸው የምንመጣ ሦስት ፎቶዎች፣ እና ስለ ጁገል የምንሳሳታቸው ሌሎች ነገሮች

ሐረር ደርሶ የመጣ ሰው ስልኩን ሲከፍት ሦስት ፎቶ አይጠፋም። አንዱ ላይ ጅብ ከእንጨት ጫፍ ሥጋ ይመነትፋል። ሁለተኛው በረንዳው የተጠረበ እንጨት የሆነ ባለ ፎቅ ቤት ነው። ሦስተኛው ሮዝ ወይም አረንጓዴ የተቀባ ግድግዳ ተደግፎ የተነሳው ነው። ከሥሩ "ጥንታዊቷ ሐረር" ተብሎ ይለጠፋል።

ሐረር ጥንታዊ ለመሆኗ ክርክር የለም። ግን ሦስቱም ፎቶዎች ላይ የሚታየው ነገር ከከተማዋ ዕድሜ አንጻር የትናንት ነው። አሮጌው ነገር ፎቶ ውስጥ ብዙ ጊዜ አይገባም። ያለው ከበር ኋላ ነዋ! ለመሄድ ለምታስቡም፣ ሄዳችሁ ለመጣችሁም፣ ስለ ጁገል፣ በግንብ ስለታጠረችው አሮጌዋ ሐረር፣ ደጋግሜ የምሰማቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ ላንሳቸው። ዓመቶቹ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

"ባለ በረንዳው ቤት የሐረሪ ባህላዊ ቤት ነው"

አይደለም። የህንድ ነጋዴዎች ቤት ነው። ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ የአሚር አብዱላሂን ጦር ድል አድርገው ሐረርን ከያዙ በኋላ፣ የህንድ ነጋዴዎች ወደ ከተማዋ ገቡ። ሱቅ ከፈቱ፣ ቤትም ሠሩ። ቤታቸው አራት ማዕዘን ሆኖ ላይና ታች አለው። በረንዳው ወደ መንገዱ ወይም ወደ ግቢው ያያል። በኋላ የሐረሪውንና የህንዱን አሠራር የቀላቀለ ሦስተኛ ዓይነት ቤትም መጣ።

ጁገል ውስጥ ጎብኚ የሚጎርፍባቸው ሁለት ቤቶች አሉ፤ የራምቦ ቤትና የራስ ተፈሪ ቤት። ሁለቱም የህንድ ነጋዴ ቤት ዓይነት ናቸው። ቆንጆዎች ናቸው፣ ግቡና እዩዋቸው። ግን እነሱን ብቻ አይቶ "የሐረሪን ቤት አየሁ" ማለት አይሆንም።

"ገጣሚው ራምቦ እዚያ ቤት ይኖር ነበር፣ ግጥምም ይጽፍ ነበር"

ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ ሐረር መኖሩ እውነት ነው። በ1873 ዓ.ም. የአንድ ፈረንሳዊ የንግድ ድርጅት ተቀጣሪ ሆኖ ነው የመጣው። ግጥም ግን ከዚያ ብዙ ዓመት በፊት፣ ገና በሃያ ዓመቱ አካባቢ እርግፍ አድርጎ ትቶት ነበር። ሐረር ላይ የሚያውቁት በቡናና በቆዳ ንግድ ነው። በመሐል ጠመንጃ ጭኖ ሸዋ ድረስ ሄዶ ለምኒልክ ሸጧል። ለቤተሰቡ በሚጽፈው ደብዳቤ ሲያማርርና ስለ ገንዘብ ሲያወራ ነው የምታገኙት። በ1883 ዓ.ም. ጉልበቱ ታሞ በቃሬዛ ወደ ባሕር ዳርቻ ወረደ። በተከታዩ ዓመት የመጀመሪያ ወራት፣ በ1884፣ ማርሴይ ከተማ ሞተ። ዕድሜው 37 ነበር።

በስሙ የሚጠራው ቤት ውስጥ ለመኖሩ ግን ማስረጃ የለም። ያም ሆኖ መግባቱን አልቃወምም። ራምቦ ራሱ ያነሳቸው የሐረር ፎቶዎች ቅጂ እዚያ አለ። ፎቁ ላይ ባለ ቀለም መስተዋቶች አሉ፤ ከላይ ሆኖ የጁገልን ጣሪያዎች ማየቱ ራሱ የመግቢያውን ያህል ያወጣል።

"ጃንሆይ የተወለዱት ራስ ተፈሪ ቤት ነው"

የተወለዱት ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. ኤጀርሳ ጎሮ ነው፤ ከሐረር ወጣ ያለች የገጠር ቀበሌ ናት። ጁገል ውስጥ ያለው ቤት የጫጉላ ጊዜያቸውን አሳለፉበት የሚባለው ነው። ዛሬ የአብዱላሂ ሸሪፍ ሙዚየም ሆኗል። አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የለቀማቸው የእጅ ጽሑፎች፣ ሳንቲሞች፣ ልብሶች፣ የጦር መሣሪያዎችና የሙዚቃ ቅጂዎች አሉበት። ጊዜ ካጠራችሁ ከራምቦው ቤት ይልቅ ይህን ምረጡ።

"የአገሬው ቤት ምን ይታያል? የድንጋይ ግድግዳ ነው"

እዚህ ላይ ረጋ ልበል፣ ትልቁ ስህተት ይሄ ነውና።

ከውጭ ሲያዩት በርግጥ ምንም የለውም። በጠባቡ መንገድ ግራና ቀኝ ግንብ፣ ግንቡ ላይ በር፣ በቃ። መስኮት የለ፣ ጌጥ የለ። በሩ የሚያስገባው ወደ ቤት ሳይሆን ወደ ግቢ ነው። ግቢውን ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ቤተሰብ ይጋራዋል። አላፊ አግዳሚ ገበናን እንዳያይ ታስቦ የተሠራ ነው።

ጫማችሁን አውልቃችሁ ስትገቡ ግን ሌላ ዓለም ነው። ሰፊ አንድ ክፍል ታገኛላችሁ። ወንበር የለም። ከወለሉ ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች አሉ፤ ነደባ ይሏቸዋል። ቁጥራቸው አምስት ነው። እያንዳንዱ ስምና ባለቤት አለው። አሚር ነደባ የአባወራውና የክቡር እንግዳ ነው። ከበላዩ ጦር የሚሰቀልበት ቦታም አለ። ግድር ነደባ ትልቁ፣ ብዙ ሰው የሚሰበሰብበት ነው። ሱትሪ ነደባ ደግሞ ከዓይን ከለል ያለው ነው። ከበሩ ጀርባ ያለውም የራሱ ወግ አለው። ማን የት እንደተቀመጠ ብቻ አይቶ የቤቱን ሰው ማዕረግ ማወቅ ይቻል ነበር። እንግዲህ ገብታችሁ ዘው ብላችሁ አሚር ነደባ ላይ አትዘርፈጡ። "የት ልቀመጥ?" ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም፣ እንዲያውም ያስከብራል።

መደቦቹና ወለሉ በቀይ አፈር የተለሰኑ ናቸው። ለምን ቀይ ሆነ ብትሉ ጨለንቆ ላይ ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው የሚል መልስ ትሰማላችሁ። እኔ ይህን ታሪክ በቤቱ ሰው አፍ መስማትን እመርጣለሁ፤ አስጎብኚ ሲሸመድደው አንድ ነገር ይጎድለዋል።

ግድግዳውን እዩት። መጽሐፍና ዕቃ የሚቀመጥባቸው ቦታዎች ግንቡ ውስጥ ተቦርቡረው ተሠርተዋል። የቀረው ባዶ ግድግዳ በስፌት ተሸፍኗል። ብዙ ሰው ይሄን ስፌት ለቱሪስት የተሰቀለ ጌጥ ይመስለዋል። ስፌቱ የሴቶቹ ሙያ ነው። ልጃገረዶች ከትልቅ ሴት ሥር ተሰብስበው ይማሩታል፤ ስታገባም ቤቷን ትሞላበታለች። አሰቃቀሉ በዘፈቀደ አይደለም። ምን ከምን ጎን እንደሚውል ወግ አለው። በጎኖቹ ደግሞ ትልልቅ ጎድጓዳ ሳህኖች ይደረደራሉ። ከበሩ በላይ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ምንጣፍ ካያችሁ ለዳር የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው ይባላል።

በጎን በኩል ኪርታት የምትባል ጣሪያዋ ዝቅ ያለ ክፍል አለች። አዲስ ሙሽሮች ጫጉላቸውን የሚያሳልፉት እዚያ ነበር። ምግባቸውም በትንሽ ቀዳዳ ይቀርብላቸው ነበር ይላሉ።

ሌላም ስህተት ከዚሁ ጋር ይያያዛል፤ ጁገልን ሙዚየም አድርጎ ማሰብ። ይሄ ሁሉ ሰው የሚኖርበት ቤት ነው። ልጅ የቤት ሥራ የሚሠራበት፣ ቴሌቪዥን የሚታይበት። ሳያስፈቅዱ በር መግፋት የለም፣ ሳያስፈቅዱ ፎቶ ማንሳትም የለም። የሚያስገቧችሁ ቤቶች አሉ፤ ስትወጡ ለባለቤቷ የተወሰነ ገንዘብ መስጠት የተለመደ ነው። ሐሸራ ቢቀርብላችሁ እንቢ አትበሉ፤ ከቡና ገለባ የሚፈላ መጠጥ ነው።

"ቀለማቱ የጥንት ናቸው"

ለፎቶ የሚሆኑት ቀለማት ከአገሬው ቤት ጥንታዊ አሠራር የመጡ አይደሉም። የጥንቱ የውጭ ግድግዳ ድንጋዩ የሚታይ፣ ያልተለሰነ ነበር። ዩኔስኮ ጁገልን በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ የቤቶቹን ይዘት ከሚጎዱ ነገሮች አንዱ ብሎ የጠቀሰው የውጭ ልስኑን ነው። ከእንጨት ወደ ብረት የተቀየሩ በሮችና የቴሌቪዥን አንቴናዎችም አብረው ተነስተዋል። እኔ በበኩሌ ቤቱን ለበዓል ባሳመረ ሰው ላይ ጣት መቀሰር አይሆንልኝም። ግን አንድ ያልተለሰነ የድንጋይ ግድግዳ ስታገኙ ቆም በሉ። እሱ ነው አሮጌው።

"ጅብ ማብላቱ የብዙ መቶ ዓመት ባህል ነው"

ግማሽ እውነት ነው። የሐረር ሰውና ጅብ ከጥንትም ይተዋወቃሉ። በግንቡ ላይ ጅብ የሚገባበትና የሚወጣበት ቀዳዳ አለ፤ ወራባ ኑዱል ይባላል። በእስልምናው ዓመት መጀመሪያ ላይ በሚውለው በአሹራ ቀን ለጅብ ገንፎ በቅቤ የማቅረብ ልማድም አለ። አበላሉን አይተው መጪው ዓመት ምን ይዞ እንደሚመጣ ይገምቱበታል። ይሄ አሮጌው ነው።

ማታ ማታ ከግንቡ ውጭ፣ በመኪና መብራት፣ ሥጋ በእንጨት ሰክቶ ለጅብ ማጉረሱ ግን የጀመረው በ1950ዎቹ ገደማ ነው። ከብዙዎቻችን አያቶች ያነሰ ዕድሜ አለው። ሌላው ደግሞ ጅቦቹ የተገራ ከብት የሚመስሉት ሰው አለ። አይደሉም። ታስረው አይውሉም፤ የዱር ናቸው፣ ሲመሽ በራሳቸው ይመጣሉ። አብሊውን ስሙት፣ ያላችሁን ብቻ አድርጉ።

"ግንቡን የሠራው ግራኝ አሕመድ ነው"

ኢማም አሕመድ በ1535 ዓ.ም. ጦር ሜዳ ላይ ሞቷል። ግንቡን የሠራው የእህቱ ልጅ አሚር ኑር ነው፤ የኢማሙን ባለቤት ባቲ ድል ወምበራንም ያገባው እሱ ነው። ዘመኑ የጦርነት ነበርና ከተማዋን መከለል ግድ ሆነ። የአሚር ኑር መቃብር ጁገል ውስጥ አለ፣ አረንጓዴ ነው። ጎብኚ ብዙም አይደርስበትም።

የጥንቶቹ በሮች አምስት ናቸው፤ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር። በመኪና የምትገቡበት ስድስተኛው ሐረር በር ኋላ የተከፈተ ነው።

"ሐረር የእስልምና አራተኛዋ ቅድስት ከተማ ናት"

በየብሮሹሩ የምታነቡት ነው። መካ፣ መዲናና ኢየሩሳሌም ላይ ሙስሊሙ ይስማማል። ለአራተኛው ደረጃ ግን የጸደቀ ዝርዝር የለም። ለቱኒዚያዋ ቀይረዋንም ይህንኑ የሚሉ አሉ። ሐረር ለዚህ ፉክክር የምትቸገር አይመስለኝም። "መዲነቱል አውሊያ"፣ የቅዱሳን ከተማ፣ የሚለው ስሟ ይበቃታል። በዚያች ትንሽ ቦታ 82 መስጊዶችና 102 አድባራት፣ ማለትም የአውሊያ መካነ መቃብሮችና የዚያራ ቦታዎች፣ ተቆጥረዋል። ጁገል ውስጥ የመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያንም አለ፤ ፈረስ መጋላ የሚባለው አደባባይ ላይ ቆሞ ማየት ነው።

"ሐረር እሳት ናት፣ ሙቀቱ አይቻልም"

ያ ድሬዳዋ ነው። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ደጋማ ከተማ ናት። ማታ ጃኬት ትፈልጋላችሁ።

"ግማሽ ቀን ይበቃል፣ ያለ አስጎብኚ ግን መንገድ ይጠፋል"

ሁለቱም ልክ አይደሉም። ጁገል በጠቅላላው 48 ሄክታር ናት። ከዳር እስከ ዳር አንድ ኪሎ ሜትር አይሞላም። መንገድ ቢጠፋባችሁ ወደ አንድ አቅጣጫ መሄድ ነው፤ ወይ ግንቡ ጋ ትደርሳላችሁ፣ ወይ ገበያ ላይ ትወጣላችሁ። ከፈረስ መጋላ ወደ ግድር መጋላ ገበያ የሚወስደው፣ መኪና ግርግር የሚባለው መንገድ፣ በልብስ ሰፊዎቹ ሲንጀር ድምፅ ብቻ ይታወቃል። አስጎብኚ የሚያስፈልገው ለመንገዱ ሳይሆን ለበሩ ነው። ቤት የሚያስከፍትላችሁ እሱ ነው። ስለዚህ ስትዋዋሉ "ስንት ቦታ ታሳየኛለህ?" ከማለት "የሰው ቤት ታስገባኛለህ ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ።

ከድሬዳዋ 50 ኪሎ ሜትር ከምናምን ስለሆነ ጠዋት መጥቶ ከሰዓት መመለስ ይቻላል። የአብዛኛው ሰው ፕሮግራምም ይኸው ነው። ግን ባህላዊ ቤታቸውን ማረፊያ ያደረጉ ቤተሰቦች አሉ። እዚያ ብታድሩ ጠዋት ፈጢራ በልታችሁ፣ ሰው ሳይበዛ መንገዶቹን ታዳርሳላችሁ። የሆቴል ምቾት ግን አትጠብቁ፤ መጸዳጃው ግቢ ውስጥ የጋራ ሊሆን ይችላል።

"የትኛውም ወር አንድ ነው"

በረመዳን ከሄዳችሁ ቀን ቀን ጁገል ውስጥ የሚበላ ማግኘት ይከብዳል፤ ማታው ግን ደማቅ ነው። ከዒድ በኋላ፣ ስድስቱ የሸዋል ጾም ቀናት ሲያልቁ፣ ሹዋሊድ ይከበራል። ይሄ በዓል በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ሴቱም ወንዱም አጊጦ የሚወጣበት፣ ከውጭ አገር ያለው የሐረር ተወላጅ ሳይቀር የሚመጣበት ጊዜ ነው። ቀኑ በጨረቃ ስለሚቆጠር በየዓመቱ ይቀያየራል፤ ከመነሳታችሁ በፊት አጣሩ፣ ማረፊያም ቀደም ብላችሁ ያዙ።