«ዘር ከልጓም ይስባል»

ባለፈው ሳምንት አንድ ቢሮ ወረፋ ይዤ ቆሜ ነበር። አንዱ ሰልፉን ጥሶ ገባ። የኃላፊው ዘመድ ነው ተባለ። ከኋላዬ የነበረው ሰው «ምን ይደረግ፣ ዘር ከልጓም ይስባል» አለ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እኔ ግን ለአባባሉ አዘንኩ።

እስቲ ልጓሙን እንየው። ልጆች ሳለን ዘሩ ወደ ማሳ የሚሄደው በበቅሎ ጀርባ ነበር። አጎቴ ስልቻውን ሲፈታ የበቅሏችን አፍንጫ ይነፋል። እሱ ልጓሙን ወደ ቀኝ ሲጎትት እሷ አንገቷን አጥፋ ወደ ገብሱ። ብረቱ ከንፈሯን ቢቆርጣትም አትመለስም። አባባሉ የተወለደው እዚያ ማሳ ዳር ነው ባይ ነኝ። የዝምድናው ትርጉም ኋላ የመጣ ይመስለኛል።

ደግሞ ቃሉን ልብ በሉት። ገብሱም ዘር፣ ልጁም ዘር። አባቶቻችን ራሳቸውን ከሚዘሩት ለይተው አልጠሩም። አያቴ አጨዳ ሳይጀመር ማሳው ውስጥ ገብታ ፍሬው የሞላውን ዛላ እየመረጠች ትቆርጥ ነበር። አሽታ፣ አበጥራ፣ ነቀዝ እንዳይነካው ከአመድ ጋር ቀላቅላ በቅል ታስቀምጠዋለች። ሐምሌ ላይ ጎታው ሲራቆት ዓይናችን ቅሉ ላይ ያርፋል። «እሱ የኛ አይደለም፤ የመሬት ነው» ትለናለች።

ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር በመጋቢት 2015 ሲያርፉ ትዝ ያለኝ ያ ቅል ነው። ሙያቸው የዕፅዋት ሥነ ምህዳር ነበር፤ ለኔ ግን የሰውን ቦታ በተፈጥሮ ውስጥ ያሳዩኝ ፈላስፋ ናቸው። በዓለም አቀፍ ድርድሮች አፍሪካን ወክለው ሲሟገቱ፣ ሕይወት ላለው ነገር ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) አይሰጥ ይሉ ነበር። ገበሬ ዘሩን የማስቀመጥ፣ የመለዋወጥና መልሶ የመዝራት መብቱ አይነካ ይሉ ነበር። ዘረመላቸው የተለወጠ ሕያዋን ከአገር ወደ አገር ሲሻገሩ ጥንቃቄ እንዲደረግ የሚጠይቀው፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ሞንትሪያል ላይ የጸደቀው የካርታሄና የደኅንነተ ሕይወት ፕሮቶኮል የእሳቸው ድካም አለበት። በዚያው ዓመት «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አገኙ። የአያቴን ቅል ይዘውልኝ ከድርድሩ ጠረጴዛ የተቀመጡ ያህል ነው የሚሰማኝ።

ዛሬ ዘር ሲባል የሚታሰበን ወንበርና ወረፋ ብቻ ሆኗል። ሰው መለያያም አድርገነዋል። በቃሉ ላይ ግፍ ነው። ሰልፍ ለጣሰው ሰውዬ «አድልዎ» የሚል በቂ ቃል አለን፤ በሱ ጥሩት። ዘርን ለቅሉ ተዉለት።