«ወንድ አንድ ሰው ሞተ»፦ ትርጉሙና አመጣጡ

መቅደላ አፋፉ ላይ ጩኸት በረከተ፣
የሴቱን አናውቅም ወንድ አንድ ሰው ሞተ።

ለዐፄ ቴዎድሮስ ከተለቀሱት ሙሾዎች ውስጥ እንደዚህ በሰው አፍ የቀረ የለም። የመጨረሻው ሐረግ ደግሞ ከግጥሙ ተገንጥሎ ራሱን የቻለ አነጋገር ሆኗል። አንድ ሰው ብቻውን ቆሞ ሌላው ሲሸሽ፣ ወይም የሚተካው የሌለ ደፋር ሲሞት ይነገራል።

አመጣጡን ካላወቁት ግን ግማሹ ትርጉም ያመልጣል። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ግርጌ አሮጌ በተባለው ሜዳ ላይ ከእንግሊዞች ጋር በተደረገው ውጊያ ከንጉሠ ነገሥቱ ጦር 700 ያህል ሰው አለቀ፤ ፊታውራሪ ገብርዬም እዚያው ወደቀ። የእንግሊዙ ጦር አዛዥ ጄኔራል ናፒየር ቴዎድሮስ እጃቸውን እንዲሰጡ ጠየቀ፤ እሳቸው እምቢ አሉ። ሚያዝያ 6፣ የፋሲካ ማግስት ሰኞ፣ አብዛኛው ሠራዊት መሣሪያውን አስረክቦ ወርዶ ነበር። ንጉሡ ከጥቂት ታማኞች ጋር አምባው ላይ ቀሩ፤ እንግሊዞች በሩን ጥሰው ሲገቡም በገዛ ሽጉጣቸው ሕይወታቸውን አሳለፉ።

እንግዲህ በሦስት ቀን ውስጥ ያን ያህል ሰው ሞቶ እያለ «አንድ» ማለት ለምን አስፈለገ? ሙሾው ሬሳ አይቆጥርም። «ወንድ» የሚለውን ስም የሚቆጥረው ለማይማረክ ሰው ነው፤ ስለዚህ ለሟቹ ውዳሴ፣ መሣሪያውን አስረክቦ በሕይወት ለተረፈው ደግሞ ከባድ ወቀሳ ነው። ወቀሳው ማንንም በስም ሳይጠራ ሁሉንም ያገኛል። የግጥሙ ትልቅነት እዚህ ላይ ይመስለናል። «የሴቱን አናውቅም» የሚለውን ሴቶችን እንደ ማቃለል የሚወስዱት አሉ፤ ስድቡ ግን የተወረወረው ወደ ወንዶቹ ነው።

አሠራሩ የወል ቤት የሚባለው የግጥም ምጣኔ ነው፤ እያንዳንዱ ስንኝ ስድስት ስድስት ቀለም (በአንድ ጊዜ የሚነገር የድምፅ ክፍል፤ «ወንድ» አንድ ቀለም፣ «ሞተ» ሁለት) ባላቸው ሁለት ሐረጎች ይከፈላል። «መቅደላ አፋፉ» ሲባል «ላ» እና «አ» ተውጠው አንድ ስለሚሆኑ ልኩ ይጠበቃል። «በመቅደላ አፋፍ ላይ» የሚሉትም አልተሳሳቱም፤ ያም ስድስት ይመጣል። «ወንድ አንድ ሰው ሞተ» ግን ሲቆጠር አምስት ብቻ ነው። ጥሩ አልቃሽ «ወንድ» ላይ ድምፅዋን ሳብ አድርጋ ጉድለቱን ትሞላዋለች፣ ክብደቱም እዚያ ላይ ያርፋል። በችኮላ ሲያነቡት የሚላላው ለዚህ ነው።

አጠቃቀሙ ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በአንድ አደጋ ብዙ ሰው በሞተበት ለቅሶ ቤት ለአንዱ ብቻ ከተባለ የሌሎቹን ቤተሰብ ይጎዳል፤ «የእናንተስ ሰው አልነበረም» ማለት ይሆናልና። በሕመም አልጋ ላይ ለሞተ ደግ ሽማግሌም አይስማማም፤ ለእንዲህ ያለው «ዋርካ ወደቀ» ይሻላል። በትክክል የሚገባው እያንዳንዱ ሰው መሸሻ እያለው አንዱ ሳይሸሽ ለቀረበት ጉዳይ ነው፤ ሞት ባይኖርበትም እንኳ። በስብሰባ ላይ ሁሉም አንገቱን ሲደፋ ተነሥቶ እውነቱን ተናግሮ ከሥራው የተባረረ ሰው ሲነሣ፣ የቢሮ ባልደረቦቹ ራሳቸው ቀስ ብለው ይሉታል።