ዞመርፍሪሸ ምንድን ነው?

በድሮዋ ኦስትሪያ ጁላይ ሲገባ ቪየና ጭር ትል ነበር። አቅም ያለው ሁሉ ሻንጣውንና ሠራተኞቹን ይዞ ወደ ተራራና ሐይቅ አገር ይወጣል። ሙቀቱ እስኪበርድም አይመለስም። ዞመርፍሪሸ የሚባለው ይህ ነው። ለሁለት ቀን ዘና ብሎ መመለስ አይደለም፤ ኑሮን እንዳለ ይዞ ሌላ ቦታ መክረም ነው።

የዚህ ልማድ መናገሻ ባድ ኢሽል ነበረች፤ በተራሮች መሀል ያለች ትንሽ ከተማ። መነሻዋ ጨው ነው። በ1820ዎቹ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) አንድ ሐኪም በጨዋማው ውሃ በሽተኛ ማጠብ ጀመረ። ልጅ አልሆንላቸው ያለው ልዕልት ሶፊም ወደዚያው ሄዱ። በ1830 በኋላ የኦስትሪያ ንጉሠ ነገሥት የሆኑትን ፍራንዝ ዮሴፍን ወለዱ፤ ወንድሞቻቸውም ተከታተሉ። ሕዝቡ "የጨው መሳፍንት" አላቸው። በኛ አገር ቢሆን የስለት ልጆች ይባሉ ነበር። ጨው ልጅ ማሰጠቱን እንጃ፤ ለከተማዋ ግን ከዚህ የበለጠ ማስታወቂያ ከየት ይመጣል?

ፍራንዝ ዮሴፍ ነግሠውም ኢሽልን አልተዉም። በ1853 እዚያው የአክስታቸውን ልጅ ሔለነን ሊያጩላቸው ሽር ጉድ ሲባል፣ እሳቸው የ15 ዓመት ታናሿን ኤልሳቤጥን መረጡ። እናታቸው ለሠርጋቸው ቪላ ሰጧቸው። ግድግዳው በአጋዘን ቀንድ የተሞላ ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ አደን ነፍሳቸው ነበር።

ኢሽል የሚከርሙት ግን ቤተ መንግሥቱ ብቻ አልነበረም፤ የቪየና አርቲስቶችም ይመጡ ነበር። እነሱስ ምን ሊያደርጉ መጡ? ደጅ ሊጠኑ እንዳይመስላችሁ። ዋናዎቹ የቪየና ቲያትሮች በሙቀቱ ወራት ይዘጋሉ። ዘፋኙም፣ ደራሲውም፣ የቲያትር ሥራ አስኪያጁም ኢሽል ነው። የሚቀጥለውን ዓመት ኦፔሬታ (ቀለል ያለ የሙዚቃ ቲያትር) ካፌ ቁጭ ብሎ መዋዋል ይቻላል። በኔ እይታ የልማዱ ዋና ነገር ይሄ ነው፤ እረፍት ይባል እንጂ ግማሹ ሥራ ነበር።

በዋልዝ (የጥንድ ዳንስ) ሙዚቃው የታወቀው የሙዚቃ ደራሲ ዮሐን ስትራውስ እዚያ ቪላ ነበረው። ሌላው የሙዚቃ ደራሲ ብራምስ ደግሞ ቤት እየተከራየ ብዙ ጊዜ ከርሟል፤ ስትራውስ ቤትም ጎራ ይል ነበር። ያ ኮስታራ ሰው የዋልዙን ንጉሥ ከልቡ ያደንቅ ነበር። አንዴ ከስትራውስ ቤተሰብ አንዷ ማራገቢያዋን ሰጥታ ፈርምልኝ ስትለው፣ የስትራውስን ዝነኛ ዋልዝ የ"ሰማያዊው ዳኑብ"ን መነሻ ኖታ ጻፈና "እንዳለመታደል የብራምስ አይደለም" ብሎ ፈረመ። በ1890 ድርሰት በቃኝ ብሎ የነበረው ብራምስ፣ በዓመቱ ኢሽል ላይ ሁለት የክላሪኔት ሥራዎች ጽፏል።

ንጉሠ ነገሥቱና አርቲስቶቹ አንድ ከተማ ከረሙ ማለት ግን አንድ ማዕድ ቀረቡ ማለት አይደለም። ድንበሩን የተሻገረችው ተዋናይት ካታሪና ሽራት ናት። ገና ሌሊት 10 ሰዓት ላይ የሚነሡት ንጉሠ ነገሥት ማለዳ እሷ ቤት ሄደው ቁርስ ይበላሉ፤ መሀሉ ክፍት የሆነውን ጉግልሁፕፍ የተባለ ኬክ። የሷ ኬክ ከተበላሸ ተብሎ የዛውነር ኬክ ቤት መጠባበቂያ ይጋግር ነበር ይባላል።

ጁላይ 28 ቀን 1914 ፍራንዝ ዮሴፍ በሰርቢያ ላይ ጦርነት ማወጃቸውን ለሕዝባቸው የገለጹበትን ጽሑፍ እዚያው ቪላቸው ውስጥ ፈረሙ። ከቀናት በኋላ ኢሽልን ለቀው ወጡ፤ በ1916 እስኪሞቱም አልተመለሱም። ሙዚቀኞቹ ግን መምጣታቸውን አልተዉም። በ1912 ወንዙ ዳር ቪላ የገዛው የኦፔሬታ ደራሲ ፍራንዝ ሌሃር በ1948 እዚያው አረፈ፤ ቤቱንም ለከተማዋ ተናዘዘላት።